ሕግ ያልፈረመውንም ሰው ይገዛል ወይ?

«አሜሪካ ውስጥ ሉዓላዊው ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ያልተስማማ ሰው በወጣው ሕግ አይገዛም» የሚሉ አሉ። እኔ እንደገባኝ ላስረዳ።

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥታቸው የወጣው በሕዝብ ስም ነው። በ1793ም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ጄይ ሉዓላዊነቱ የሕዝብ መሆኑን ጽፈዋል። ነገር ግን ሕዝብ ማለት ሁሉም በአንድነት ነው፤ እኔ ብቻዬን ሕዝብ አይደለሁም። ለዚህ ነው ፍርድ ቤቶቹ «አልተስማማሁም፣ ሕጉ አይመለከተኝም» የሚለውን ክርክር ደጋግመው የጣሉት። ከእንግሊዝ የወረሱት፣ በዳኞች ውሳኔ የተገነባው «ኮመን ሎው» እንኳ ምክር ቤት ካወጣው ሕግ ጋር ሲጋጭ የሚጸናው የምክር ቤቱ ነው።

እኛን ምን አገባን? ኩዌት በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 መሠረት አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ አይችልም፤ የሳምንት እረፍት አለ፤ ሥራም በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ታዲያ ማዳም «እኔ አልተስማማሁም» ብትል ሕጉ ይቀራል? አይቀርም! ሕግ ለወደደ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚያመልጠው ጉልበተኛው ነበር። አገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሁለቱም ወገን የሚቆመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ፣ እወቁ።