የጠፋው ታካሚም ይቆጠራል

እህቴ፣ ሠንጠረዡን ከመዝጋትሽ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። «ክትትል ያቋረጡ» ብለሽ ወደ ጎን ያወጣሻቸውን ሰዎች መልሻቸው። በሱስ ሕክምና ጥናት ብዙው እውነት ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ሰው ከቀጠሮ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሱሱ አገርሽቶበት ሲያፍር ነው። የመጡትን ብቻ ከቆጠርሽ መድኃኒትሽ ከሆነው በላይ ያማረ ይመስልሻል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣውን የአሜሪካ ጥናት ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የኦፒዮይድ ሱስ የያዛቸው 570 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ለገሚሱ በየወሩ የሚወጋ ናልትሬክሶን፣ ለገሚሱ በየቀኑ ከምላስ ሥር የሚደረግ ቡፕረኖርፊንና ናሎክሶን ደረሳቸው። ናልትሬክሶን ለመጀመር ሰውነት አስቀድሞ ከኦፒዮይድ መጽዳት አለበት፤ ያ ስቃይ ደግሞ ብዙዎችን ከደጅ ይመልሳል። መርፌው ከደረሳቸው 28 በመቶው ሳይጀምሩ ቀሩ፤ ከሌላው ወገን የቀሩት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። የጀመሩት ብቻ ሲነጻጸሩ ሁለቱ መድኃኒቶች ተቀራረቡ። የተመደቡት ሁሉ ሲቆጠሩ ግን በ24 ሳምንት ውስጥ ያገረሸባቸው ከመርፌው ወገን 65 በመቶ፣ ከሌላው 57 በመቶ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ስሌት ስላወጡ ነው መርፌው የሚከብደው አጀማመሩ ላይ መሆኑን ያወቅነው።

ይህ ጥንቃቄ የሚጀምረው ገና ስምምነት ስትጠይቂ ነው። ሰክሮ ወይም እየተንቀጠቀጠ የመጣን ሰው አታስፈርሚ። መጠጥ በድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል፤ መጀመሪያ አክሚው፣ ሲረጋ ተመልሰሽ አስረጂው። ታሪኩን ስትወስጂም ስለ ጫቱም፣ ከጫት በኋላ ስለሚጠጣው ጨብሲም ለየብቻ ጠይቂ። ስልክ ስትቀበዪ «ካጣሁዎት ለማን ልደውል? ምን ብዬስ ልጠይቅ?» በዪ፤ ሚስቱም አለቃውም የሱሱን ነገር ካንቺ መስማት የለባቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም «ቢያገረሽብዎትም ይምጡ፤ ይበልጥ የምፈልግዎት ያኔ ነው» በዪው። እንዲህ የተባለ ሰው ለመመለስ ድፍረት ያገኛል።

አማካሪ ስትመርጪ ዝናውን ብቻ አትዪ። ረቂቅሽን አይቶ «ስንት ሰው ጠፋ? ለምን?» የሚልሽን አጥብቀሽ ያዢ። ውጤቱ እንዲያምር ሰው ቀንሺ የሚልሽን ግን፣ የቱንም ያህል ብታከብሪው፣ እሺ አትበዪው። አንቺም በተራሽ ኢንተርኖች ሲመጡልሽ፣ ስሌቱን ከማሳየትሽ በፊት ታካሚው በፈቀደው ስልክ እየደወሉ የቀሩትን እንዲፈልጉ አድርጊ። ከቁጥሩ ጀርባ ማን እንዳለ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ጥናትሽ አንድ ቀን መመሪያ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ያ ሐኪም የሚያክመው ደግሞ ቀጠሮ አክባሪውን ብቻ አይደለም።