የኢንተርኔቱ ደላላ ኮሚሽን አይጠይቅም፤ ኃላፊነትም አይወስድም

አንድ የጎንደር እህል ነጋዴ የሰሊጥ ዋጋ ማወቅ ሲፈልግ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ራሱ ዞሮ መጠየቅ፣ አለዚያም ደላላ መያዝ። አሁን ሦስተኛ መንገድ ተጨምሯል። ስልኩን አውጥቶ ጎግልን ሲጠይቅ፣ ድረ ገጾቹ ከመዘርዘራቸው በፊት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጀው አጭር ማጠቃለያ ከላይ ሊቀርብለት ይችላል። ኩባንያው ይህን አገልግሎት በግንቦት 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ጀምሮ፣ በዓመቱ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች ማዳረሱን አስታውቋል። የዛሬው ጥያቄያችን እንዲህ ያለው ማጠቃለያ በፍለጋ ውስጥ፣ በተለይም ለነጋዴ፣ ቦታ አለው ወይ የሚል ነው።

የፍለጋ ወጪ

የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ዋጋን ማፈላለግ ራሱ ወጪ ያለበት ሥራ መሆኑን አስረድቷል። ገዢ ሁሉንም ሻጭ አይጠይቅም። አንድ ተጨማሪ ሻጭ ለመጠየቅ የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ከሚገኘው ቅናሽ ሲበልጥ ፍለጋውን ያቆማል። ደላላ ኮሚሽን የሚያገኘውም ይህን ወጪ ስለሚቀንስ ነው። ከዚህ አንጻር የማሽኑ ማጠቃለያ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ የፍለጋ ወጪን ወደ ዜሮ ያስጠጋል። ይሁን እንጂ የፍለጋ ወጪ ወረደ ማለት የስህተት ወጪ ወረደ ማለት አይደለም።

ስህተት ስንት ያስከፍላል?

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህም ይበልጥ ጨምሯል። ለምሳሌ አንድ የውጭ ገዢ ለአንድ ቶን ሰሊጥ 1,500 ዶላር አቀረበ እንበል። በ57 ብር ሲሰላ ኩንታሉ 8,550 ብር፣ በ74 ብር ሲሰላ 11,100 ብር ይሆናል። የቆየ ገጽ ያነበበ ማሽን የድሮውን ተመን ቢሰጠውና ሻጩ ቢያምነው፣ በ200 ኩንታል ላይ 510,000 ብር ያጣል። ማጠቃለያው የተጻፈበት አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ፍጹም ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ስህተቱም የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

አራት የአገራችን ወጥመዶች

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «የ2016 ምርት» የሚለውን በፈረንጆች አቆጣጠር የወሰደ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ቡና በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ግራም፣ ሰሊጥ ደግሞ በኩንታል ይገበያያል። የፈረሱላን ዋጋ እንደ ኩንታል ያነበበ ስድስት እጥፍ ገደማ ይስታል።

ሦስተኛው የምርት ዓይነት ነው። የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ለዳቦና ለጣፋጭ ሥራ ሲፈለግ፣ የወለጋው በአብዛኛው ለዘይት ይውላል፤ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የሚወርደውም ገብስ እንዲሁ ነው። ለብቅል የሚሆነውና ለምግብ የሚውለው «የገብስ ዋጋ» በሚል አንድ ቁጥር ሊጠቃለሉ አይገባም።

አራተኛው ቦታ ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ከተከፈለ ወዲህ መተማ በምዕራብ ጎንደር፣ ደባርቅ በሰሜን ጎንደር ነው። በድሮዎቹ ገጾች ግን ቆላውና ደጋው በአንድ ዞን ስም ይጠራሉ። «የሰሜን ጎንደር ምርት» የሚለው ቁጥር የትኛውን እንደሚመለከት የሚታወቀው በዓመቱ ነው።

ማሽኑ ምንጭ የማመዛዘን ችግር እንዳለበት ገና በተጀመረ ሰሞን ታይቷል። አይብ ከፒሳ ላይ እንዳይንሸራተት ሙጫ ይጨመር የሚል ምክር መስጠቱ በዓለም ዙሪያ መሳቂያ አድርጎት ነበር፤ ምንጩ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ለቀልድ የጻፈው አስተያየት ነው። በሙጫው ሁሉም ሳቀ። የሰሊጥ ዋጋ ሲሳሳት ግን የሚያስቅ ነገር ስለሌለው አስተዋይ አያገኝም።

ምንጩ ሲደርቅ

ሌላው ጉዳይ የመረጃ አምራቹ ነው። በአሜሪካ የፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት፣ ማጠቃለያ በታየባቸው ፍለጋዎች ተጠቃሚዎች ከውጤቶቹ ወደ አንዱ ድረ ገጽ የገቡት በመቶ 8 ያህሉ ላይ ብቻ ነው፤ ማጠቃለያ ባልታየባቸው ግን በመቶ 15። ዋጋ የሚሰበስብ ጋዜጣ ወይም ድርጅት አንባቢ ካጣ ገቢ ያጣል፤ ገቢ ካጣ መሰብሰቡን ያቆማል። ያን ጊዜ ማሽኑ የሚያጠቃልለው የአምናን ወሬ ይሆናል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ፣ ስለ አካባቢው ገበያ በኢንተርኔት ላይ የተጻፈው ምን ያህል ክፍተት ሊኖረው እንደሚችል ይገነዘባል። ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ማሽን ዝም አይልም፤ ይገምታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ማጠቃለያ ቦታ የለውም አንልም። የመለኪያ ትርጉም፣ የአንድ አዋጅ ጠቅላላ ይዘት፣ የባንክ መተማመኛ ሰነድ ምንነት ሲጠየቅ መነሻ ይሆናል። ዋጋ፣ ምንዛሪ፣ ቀረጥና የመጨረሻ ቀን ሲጠየቅ ግን ከምንጩ በላይ ሊቀመጥ አይገባውም። ነጋዴው ቀኑን፣ መለኪያውን፣ ደረጃውንና ቦታውን ሳያረጋግጥ ቁጥር አይቀበል። ምንዛሪውን ከባንክ፣ የዕለቱን ዋጋ ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይጠይቅ፤ ሁለት ደላላም ይደውል።

ደላላ ቢዋሽ ሱቁ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደንበኛ ያጣል። የማሽኑ ማጠቃለያ ግን ዛሬ ቢሳሳት ነገም እዚያው ከላይ ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለገበያም ይሠራል።