የልጅ መኝታና የወላጅ ፍቅር በእንስሳትና በሰው ዘንድ

ስለ ወላጅ ፍቅር ሲነገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ምግብን፣ ልብስንና ትምህርትን ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ተሰውሮ ስለሚኖረው፣ በሌሊት ስለሚፈጸመው ፍቅር እንማማራለን። ተሰውሮ ይኖራል ማለታችን ተቀባዩ ልጅ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ስለሚገኝ ነው። የተኛ ሰው ማን እንደ ነቃለት አያውቅም።

ሀ) በእንስሳት ዓለም

በቅርብ ከምናውቃት ከዶሮ እንጀምር። ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ያህል ታቅፋ ትቀመጣለች፤ የምትነሣውም ለጥቂት ጊዜ ጥሬ ለመልቀምና ውኃ ለመጠጣት ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ሥራዋ አያበቃም። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቂ ላባ ስለሌለው የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ሲመሽ እናቲቱ ጠርታ ትሰበስባቸዋለች፤ ክንፏንም ዘርግታ ሁሉንም ከሥሯ ታስገባለች። ለጫጩት መኝታ ማለት የእናቱ ገላ ነው።

በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ደግሞ ቀኑን በሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ይውልና ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ነብርና ጅብ በቀላሉ በማይደርሱበት ጠባብ የቋጥኝ እርከን ላይ ያድራል። ሕፃኑም በእናቱ ደረት ላይ ተጣብቆ ያንን ገደል ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ጥልቀት ሳያስጨንቀው በእቅፏ ያንቀላፋል።

ቺምፓንዚ በየምሽቱ በዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አጉብጣና ቅጠል ደልድላ አዲስ መኝታ ትሠራለች። ልጇም ታናሽ እስኪወለድለት ድረስ፣ አምስት ዓመት ያህል፣ አብሯት ይተኛል። ቀን ቀን ሲጫወት እርሱም ትንንሽ መኝታ እየሠራ ይለማመዳል። እንግዲህ የእናቱ መኝታ ለእርሱ ትምህርት ቤትም ጭምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በአንታርክቲካ የሚኖሩ፣ አገጫቸው ሥር ጥቁር መስመር ያለባቸው ፔንግዊኖች ነገር ነው። እነዚህ ወፎች ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ሲሄድ ሌላው ጎጆውን እንቁላል ከሚነጥቁ ወፎች ይጠብቃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጠባቂው በአንድ ጊዜ የሚያንቀላፋው ለ4 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ይህንንም በቀን ከ10,000 ጊዜ በላይ ይደጋግመዋል። ሲደመር 11 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ሆኖም ረዥምና ያልተቆራረጠ እንቅልፍ የለውም።

ለ) በሰው ዘንድ

የሰው ልጅ ሲወለድ ከጫጩት ይልቅ ደካማ ነው። ጫጩት በተፈለፈለ ማግሥት ሮጦ ይለቅማል፤ ሕፃን ግን አንገቱን እንኳ ማቅናት አይችልም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ነገር ግን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ለመጥባት ይነቃል፤ እርሱ በነቃ ቁጥር እናቱም ትነቃለች። የልጅን አካል የሚያሳድገው ንጥረ ነገር በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ የእኛ ቁመት የተገነባው በእናታችን ንቃት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሕፃን የእናቱን ድምፅ ገና በማኅፀን ሳለ ይሰማል፤ ከተወለደም በኋላ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ እሹሩሩ ስትለው ዜማዋ ባያምር እንኳ ይረጋጋል። ልጅ ከፍ ሲል ደግሞ በመኝታው ሰዓት ተረት ይሰማል፣ ይመከራል፣ ተማትቦ ይተኛል። ሰው ከእንስሳ የሚለየው በዚህ ነው፤ ለልጁ ከሙቀት ሌላ ቃልንም ያወርሰዋል። ዛሬ በብዙ ቤት ይህን ሰዓት ቴሌቪዥንና ስልክ ወስደውታል። ልጁ ይተኛል፤ ነገር ግን ያስተኛው ሰው የለም።

ሐ) ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ጫጩት ላባ ሲያበቅል እናቱ ከራሷ ታርቀዋለች፤ ሁለቱም ይረሳሳሉ። የሰው ወላጅ ንቃት ግን ልጅ ስላደገ አያቆምም። እኛ ወጣቶች ባመሸን ቁጥር እናታችን በር እስክናንኳኳ ድረስ በአልጋዋ ላይ ሆና ኮቴ ታዳምጣለች። አንዳንዶቻችን «ማን ጠብቂኝ አላት?» እንል ይሆናል። በሁለት ወራችንም ሌሊት ስትነቃልን ያዘዛት አልነበረም።

ስለዚህ፦

1ኛ. በጊዜ ወደ ቤት እንግባ፤ የምናመሽ ከሆነም የት እንዳለን አስቀድመን እንንገር።

2ኛ. ወላጆቻችን ከሥራ ደክመው ሲገቡ ታናናሾቻችንን እግራቸውን አጥበን፣ ተረት ነግረን እናስተኛ።

3ኛ. እናትና አባታችንን በሞት ያጣን ብንኖር፣ ያሳደጉን አያትና አክስት፣ አጎትና ጎረቤት ሌሊቱን ነቅተውልናልና ምስጋናው ለእነርሱ ይድረስ።

4ኛ. ወላጆቻችን አርጅተው እንቅልፍ ሲያጡ፣ ሲያስላቸውና ውኃ ሲጠሙ የመንቃቱ ተራ የእኛ መሆኑን እንወቅ።

ፔንግዊኖቹ እንኳ ተራ ይገባሉ። እኛስ?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ማታ መጨረሻ የሚተኛው ማን ነው? ለምን?

2. በልጅነታችሁ ስትታመሙ ማን አድሮ እንዳስታመማችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

3. ታናናሾቻችንን በማስተኛት ምን ልናወርሳቸው እንችላለን?