ለስጦታ የሚሆን የጢም መላጫ ብሩሽ

ጥያቄ፦ ለአማቴ የጢም መላጫ ብሩሽ ልገዛላቸው አስቤአለሁ። የብሩሾቹ ዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጥሩው በምን ይለያል?

መልስ፦ የጢም መላጫ ብሩሽ ጥራት የሚለካው ከእጀታው ይልቅ በጸጉሩ ነው። ባጀር የተባለው እንስሳ ጸጉር ውኃ አቅፎ ስለሚይዝ ወፍራም አረፋ ያወጣል፤ ጫፉ ነጭ የሆነው «ሲልቨርቲፕ» ከሁሉም ለስላሳ፣ ከሁሉም ውድ ነው። የአሳማ ጸጉር ርካሽ ቢሆንም ከመላጨት በፊት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይኖርበታል፤ የሚለሰልሰውም ከሳምንታት አገልግሎት በኋላ ነው። ሰው ሠራሹ ዝፍዘፋ አይፈልግም፣ ቶሎም ይደርቃል።

ሃይማኖቱ አሳማን ለሚከለክለው ሰው የአሳማ ብሩሽ መስጠት ስጦታውን ያበላሻል። ማሸጊያው ላይ የእንስሳው ስም ካልተጻፈ ሻጩን መጠየቅ ግድ ነው፤ ሰው ሠራሹ ግን ማንንም ቅር አያሰኝም።

በእጅ በጥንቃቄ በተሠራ ብሩሽ ላይ የጸጉሩ ተፈጥሯዊ ጫፍ እንዳለ ይቀራል፤ በመቀስ የተከረከመው መዳፍ ላይ ሲጫኑት ይወጋል። አዲስ ብሩሽ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጸጉር ቢያራግፍ አያስደነግጥም፣ መርገፉ ካላቆመ ግን ሙጫው ደካማ ነው። የጸጉሩ እስር ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ፊት ይስማማል። ያጌጠ እጀታ ዋጋ ቢያስጨምርም አረፋ አይጨምርም።

ብሩሹ የፈላ ውኃ እንዳይነካው፣ ከተላጩም በኋላ ታጥቦና ተራግፎ አየር በሚያገኝበት ቦታ እንዲደርቅ ለተቀባዩ መንገር ያስፈልጋል።