ዳስ የሚታይ ነው ወይስ የሚቀመጡበት?

የሚነበበው ክፍል፦ ዘሌዋውያን 23፥33-43፤ ዘዳግም 16፥13-15

በኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ውስጥ ከሳንቃ የተሠራ አንድ ዳስ አለ። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1837 ግድም ፊሻኽ በምትባል የደቡብ ጀርመን መንደር ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ መንደሪቱና የኢየሩሳሌም ከተማ ተሥለውበታል። ባለቤቱ የነበረው አይሁዳዊ ቤተሰብ በየዓመቱ ለበዓሉ ያቆመው ነበር። ናዚዎች ጀርመንን በሚገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ሳንቃዎቹ ተፈታተው በስውር ከአገር ወጡና ኢየሩሳሌም ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንደሪቱ የቀሩት አይሁድ ተግዘው ተወሰዱ። በዓመት ለሰባት ቀን ብቻ የሚቆመው ዳስ፣ ለዘለቄታ ከተሠሩት ቤቶች ኑሮ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

የዳስ በዓል የመከር በዓል ነው። እህሉ ከአውድማ፣ ወይኑም ከመጭመቂያ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በዕብራውያን ሰባተኛው ወር በዐሥራ አምስተኛው ቀን ይጀመራል፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በመስከረም ወይም በጥቅምት ወር ይውላል። የዳሱ ጣሪያ ከምድር የበቀለ ቅጠልና ቅርንጫፍ መሆን አለበት። ቀን ጥላው ከፀሐዩ ይበልጣል፤ ሌሊት ግን በቅርንጫፉ መካከል ከዋክብት ቢታዩ መልካም ነው ይላሉ።

ጎተራው የሞላለት ሰው ከጠንካራ ቤቱ ወጥቶ በቅጠል ጥላ ሥር የሚቀመጠው ለምንድን ነው? አባቶቹ ከግብፅ በወጡ ጊዜ ቤት የሌላቸው መንገደኞች እንደ ነበሩ እንዳይረሳ ነው። በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤልም በዓሉን «በዓለ መጸለት» ሲሉት ኖረዋል። መጸለት በግዕዝ የጥላ ስፍራ፣ ዳስ ማለት ነው፤ በሥራችን ዕለት ዕለት የምንጠራው «መጠለያ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ከእነርሱም ብዙዎች በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ በዚያው በመጠለያ ጣቢያ ሞተው ቀርተዋል። ለእነዚህ ወገኖች የዳስ ነገር የሩቅ ታሪክ አይደለም።

አሁን ዘዳግም 16፥14ን እናስተውል። በበዓሉ ደስ እንዲላቸው የታዘዙት እነማን ናቸው? ባለቤቱ፣ ወንድና ሴት ልጆቹ፣ አገልጋዮቹ፣ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ ናቸው። ችግረኞቹ ግብዣው ካለቀ በኋላ ትራፊ እንዲሰጣቸው አልተባለም፤ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድነት ተቈጠሩ እንጂ።

ስለዚህ ዳስ ከገመድ ወዲያ ቆመው የሚያዩት ዕቃ አይደለም። ሙዚየም ሳንቃውን ይጠብቃል፤ በዓሉን በዓል የሚያደርገው ግን አብሮ መቀመጥ ነው። አንዳንድ የአይሁድ ሙዚየሞችም ይህን ተረድተው፣ በበዓሉ ሰሞን በግቢያቸው ዳስ ሠርተው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይጋብዛሉ። በበርሊን የሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2007 በግቢው ላይ ያሠራው የመስተዋት አዳራሽ፣ በዳንኤል ሊበስኪንድ የተነደፈው፣ ሐሳቡ የተወሰደው ከዚሁ ከዳስ ነው። ያ የፊሻኽ ዳስ ተደብቆ በወጣባት አገር፣ ዛሬ ሰዎች በዳስ አምሳል በተሠራ ጣሪያ ሥር በግልጥ ይሰበሰባሉ።

እኛስ? አንድ ጊዜ በአንድ ቀበሌ ስንዴ አድለን ስንጨርስ፣ አንዲት አሮጊት እናት በደጃቸው ከቅርንጫፍ ወደ ሠሩት ጥላ እየጠቆሙ፣ «ልጆቼ፣ ቡና ሳትቀምሱ እንዴት ትሄዳላችሁ?» አሉን። እኛም «እማማ፣ መኪናው ይጠብቀናል፤ ሌላ ጊዜ» ብለን ሄድን። በሪፖርታችን ላይ የቤተ ሰባቸውን ቍጥርና የወሰዱትን ኪሎ በትክክል ጻፍን። ሌላው ጊዜ ግን አልመጣም፤ በሚቀጥለው ዙር ስንመለስ እኒያ እናት ዐርፈው ነበር። ስንዴውን ሰጠናቸው እንጂ በዳሳቸው አልተቀመጥንም። በእውነቱ የዚያን ቀን ጋባዧ እርሳቸው፣ መጻተኞቹም እኛ ነበርን፤ ይህን ግን አላወቅንም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ መስጠት መልካም ነው። የሚሰጥ ሰው ግን እርሱም ጥላ ፈላጊ መንገደኛ መሆኑን ከረሳ፣ ችግረኛውን በሙዚየም እንዳለ ዕቃ ከሩቅ ወደ ማየት ይደርሳል። እህሉ በመጋዘናችን ሞልቶ ሳለ፣ ከዋክብት በሚታዩበት ጣሪያ ሥር ከጎረቤታችን ጋር መቀመጥን እንማር።

ለውይይት፦
1. በዘዳግም 16፥14 ከተዘረዘሩት መካከል በጉባኤያችን ግብዣ ላይ የማይገኙት እነማን ናቸው? ለምን?
2. በፕሮጀክታችን የሚረዱ ሰዎች እኛን የሚጋብዙበት ጊዜና ስፍራ አለን?
3. በዚህ ወር በማን ደጅ ሄደን እንቀመጥ?