መሪ የሌለው ባቡር እንዴት ይታጠፋል?

በዛሬው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችን ስለ ሐዲድ መቀየሪያ እንማራለን። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ስላለ በደንብ አንብቡ።

በኮሶዬ አልፎ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ሾፌሩ መሪውን ወደ አዞረበት ይታጠፋል። ባቡር ግን መሪ የለውም። ነጂው ፍጥነት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያቆማል እንጂ ግራና ቀኝ አይመርጥም። የሚመርጥለት ሐዲዱ ነው። ስለዚህ ሐዲድ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጫፋቸው የሾለ ሁለት ተንቀሳቃሽ ብረቶች አሉ፤ ምላስ እንበላቸው። ተያይዘው አብረው ይንቀሳቀሳሉ። የግራው ምላስ ከግራው ሐዲድ ጋር ሲገጥም የቀኙ ይላቀቃል፣ ባቡሩም ወደ ቀኝ ይሄዳል። የቀኙ ሲገጥም ደግሞ ወደ ግራ ይሄዳል። የመስኖ ውሃ አንዱን ቦይ በጭቃ ደፍነን ሌላውን ስንከፍትለት ወደ ከፈትንለት እንደሚሄድ ማለት ነው።

በአገራችን ምሳሌ እንይ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመሮች አሉት፦ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ እና ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ መንገድ ይጋራሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። እዚያ መቀየሪያው ቢሳሳት የምኒልክ ተሳፋሪ ወደ ጦር ኃይሎች ይወሰዳል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ምን መሰላችሁ? የባቡሩ ግማሽ ካለፈ በኋላ ምላሱ ቢንቀሳቀስ ነው። የፊት ጎማዎች በአንዱ፣ የኋላዎቹ በሌላው ሐዲድ ይሄዱና ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። ሰው ይጎዳል።

እኛ ጋ ባቡር ባይኖርም ማይንክራፍት በሚባለው የኮምፒውተርና የስልክ ጨዋታ ሠርተን መሞከር እንችላለን። እዚያ ጋሪው ቢሳሳት ማንም አይጎዳም።

1. ሦስት ሐዲዶችን በእንግሊዝኛዋ ፊደል ቲ ቅርጽ አገናኙ። መገናኛው ላይ ያለው ሐዲድ ይታጠፋል።
2. ከመገናኛው አጠገብ እጀታ አድርጉ። እጀታው በተነካ ቁጥር ከታች የሚመጣው ጋሪ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል።
3. ከመገናኛው በፊት ራቅ አድርጋችሁ ጋሪ ሲያልፍበት የሚያውቀውን ሐዲድ አስገቡ፤ ሬድስቶን በሚባለው ቀይ ዱቄት ከመብራት ጋር አያይዙት። መብራቱ ከበራ ጋሪ እየመጣ ስለሆነ እጀታውን አትንኩ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። መብራቱ የሚበራው ጋሪው በዚያ ሐዲድ ላይ እያለ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራቱ ጠፋ ማለት ጋሪው መገናኛውን አለፈ ማለት አይደለም። መፍትሔው በሁለቱም መውጫዎች ላይ ተመሳሳይ ሐዲድና መብራት መጨመር ነው። አንድ በመግቢያ ከገባ አንድ በመውጫ እስኪወጣ እንጠብቃለን።

በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የባቡር መስመሮችም እንዲህ ይሠራሉ። በመግቢያና በመውጫ የጎማ ዘንጎችን የሚቆጥር መሣሪያ አለ። የገባውና የወጣው ቁጥር እኩል ካልሆነ መቀየሪያው ተቆልፎ ይቆያል። እረኛ ማታ በጎቹን በረት ሲያስገባ ይቆጥር የለ? ጠዋት 20 ወጥተው ማታ 19 ከገቡ አንዷ ሜዳ ቀርታለችና በሩን ዘግቶ አይተኛም።

ስለዚህ ጥሩ መቀየሪያ ማለት ቶሎ የሚቀየር ብቻ አይደለም። መቀየር በሌለበት ሰዓት እንቢ የሚል ነው።

ኮምፒውተር የሌላችሁ ሜዳው ላይ በጠመኔ ወይም በእንጨት መስመር አስምሩ። ተያይዛችሁ ባቡር ሁኑ፤ አንድ ሰው መቀየሪያ፣ አንዱ በመግቢያ፣ ሁለቱ በመውጫዎች ቆጣሪ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ በመግቢያ 12 ዘንግ ተቆጥሮ በመውጫ 12 ቢቆጠር፣ ነገር ግን 10ሩ በግራ 2ቱ በቀኝ ቢወጡ ምን ሆኗል ማለት ነው? መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ። መልካም ጥናት!