ጄሶው ሲፈታ ሕክምናው አያልቅም

ቡልቡላ በትልቁ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከባቱ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። መኪናው፣ ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪው፣ እግረኛውና ከብቱ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። ስለዚህ እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው እዚህ ብርቅ አይደለም።

እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ከትምህርት በኋላ ስንጨዋወት ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ። «አጥንቱ ገጥሟል፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ» ይባላል። ይህ ለምን ይሆናል?

አንድ ጋሪ ነጂ እንውሰድ። እግሩ ጉልበቱ አጠገብ ተሰብሮ ሁለት ወር በጄሶ ቆየ እንበል። አጥንቱ ሲጠገን ጡንቻው ሥራ ፈትቶ ከርሟል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይከሳል፤ ይደክማል። ያልታጠፈ መገጣጠሚያም ለብዙ ጊዜ እንዳልተከፈተ የበር ማጠፊያ ይደርቃል። ታዲያ ጄሶው ሲፈታ ሰውዬው ዳነ ይባላል። ግን ጋሪው ላይ መውጣት አይችልም። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት አይችልም። ሥራውን ሲያጣ የሚቸገረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም አብሮ ይቸገራል።

ይህን የሚያቃናው ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ይባላል። በተመጠነ እንቅስቃሴ የደከመውን ጡንቻ ያበረታል፤ የደረቀውን መገጣጠሚያ ያፍታታል። ለስብራት ብቻ አይደለም። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የያዘው ሰው፣ ወገቡ የተጎዳ ሠራተኛ፣ ቃጠሎ የደረሰበት ሕፃንም ያስፈልጋቸዋል።

ሕክምናው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅና እግር እንዳይሰናከል ሲያክም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልም በተራዘመ ምጥ ነርቫቸው ተጎድቶ እግራቸው የሰነፈ ሴቶችን እንደገና መራመድ ያስለምዳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ሆኖም አገልግሎቱ በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ከቡልቡላ አዳማ ወይም አዲስ አበባ መመላለስ የመኪና፣ የምግብና የአስታማሚ ወጪ አለው። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የተሐድሶ ሕክምና ቢያገኙ ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ ግን አያገኙትም።

ጥሩ ሕክምና በምን ይታወቃል?

ሩቅ ሄደን፣ ገንዘብ ከፍለን የምናገኘው ሕክምና ጥሩ መሆኑን ማወቅ አለብን። ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ ይመረምራል፤ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይለካል። «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ውኃ መቅዳት የምትፈልግ ሴትና ጋሪ መንዳት የሚፈልግ ሰው ልምምዳቸው አንድ አይደለም። ቤት የሚሠራውን ያሳያል፤ ሕመምተኛው ራሱ ሠርቶ እንዲያሳየውም ያደርጋል። አስታማሚውንም ያስተምራል። በሌላ ቀጠሮ እንደገና ይለካል። ማሞቅና ማሸት ብቻ ከሆነ፣ የቤት ልምምድም ካልተሰጠን፣ «ቤት ምን ልሥራ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ብዙ ሰው ሶደሬ ፍል ውኃ ይሄዳል። ሙቅ ውኃ ሕመም ያስታግሳል፤ ጡንቻም ያፍታታል። ግን ተቀምጦ መታጠብ ብቻውን የሰነፈ እግር አያራምድም። በልምምድ መታገዝ አለበት።

በቤት ውስጥ ልብ እንበል

1. እግሩ በጄሶ ያለ ሰው ከጄሶው ውጭ ያሉትን ጣቶች በየጊዜው ያንቀሳቅስ። እግሩንም በትራስ ከፍ ያድርግ።
2. በጄሶ ወይም በወጌሻ የታሰረ እጅና እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ደም አልደረሰውም ማለት ነው። የወጌሻው እስር ወዲያው ይላላ። በሁለቱም ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የዘገየ እግሩን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል።
3. መንቀሳቀስ ያልቻለ ሕመምተኛ ቁስል እንዳይወጣበት ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ።
4. ስትሮክ የያዘውን ሰው በደከመው እጁ ስባችሁ አታንሡ። ትከሻው ይጎዳል።
5. በልምምድ ጊዜ ጡንቻው ሲለጠጥ ትንሽ ማመሙ ያለ ነው። ካበጠ ወይም ሕመሙ ከበረታ ግን ማቆምና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ደብተራችሁም እዚህ ላይ ይሠራል። የቀጠሮውን ቀን ጻፉበት። የታዘዘውን ልምምድ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ጻፉ። በየሳምንቱ ደግሞ «ያለ ምርኩዝ ስንት እርምጃ ሄደ?» ብላችሁ ቁጥሩን መዝግቡ። አባቱ የታመሙበት ልጅ፣ ባሏ የተሰበረባት ሚስት ይህን ይዘው ቢቀርቡ ባለሙያው ለውጡን በግልጽ ያያል። ለውጥ ከሌለም ልምምዱን ያሻሽላል።

የሰነፈ እግር በአንድ ቀን አይበረታም። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ቀስ በቀስ የሚሆነው ግን በየቀኑ ከተሠራ ነው።

ጥያቄዎች

1. ጄሶ ከተፈታ በኋላ እግር ለምን እምቢ ይላል?
2. የታሰረ እግር አደጋ ላይ መሆኑ በምን ይታወቃል?
3. በጎረቤታችሁ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው አለ? ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ጻፉለት።